ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ መኪና

በራዲዮ ለመሠረተ ትምህርት አንባቢዎች የተሰጠ ንግግር

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ መኪና ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ስለሚጠፋ አሮጌ መኪና እንነጋገራለን። «እኔ መኪና የለኝም፤ ይህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ቆዩ፤ ገጹን አትለፉት። መኪና ባይኖራችሁም በታክሲ ትሳፈራላችሁ። ወንድማችሁ ሾፌር፣ ልጃችሁ የመካኒክ ረዳት ሊሆን ይችላል። ደግሞም የዛሬው ነገር ስለ መኪና ብቻ አይደለም። አንድን ችግር በእርሳስና በደብተር እንዴት እንደምንይዘው ያሳየናል።

1. ሾፌሩና መካኒኩ

አንድ የታክሲ ሾፌር እናስብ። መኪናው ላዳ ነው። ላዳን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ይህ መኪና በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት፣ በቶሊያቲ ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 መሠራት ጀመረ። የተወሰደውም ከኢጣሊያው ፊያት 124 ነው። በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ለብዙ ዓመታት ሕዝብ ሲያመላልስ ኖሯል። የዚህ ዓይነቱ አሮጌ ሞተር ኮምፒዩተር የለውም። ቤንዚኑን የሚያገኘው በካርቡራተር ነው። ስለዚህ ብዙውን ሕመሙን በዐይን፣ በጆሮና በአፍንጫ ማወቅ ይቻላል።

የሾፌራችን መኪና ጠዋት ደህና ነው። ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ይነሣል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ግን መንገድ ላይ ይጠፋል። ሾፌሩ ወርዶ ይገፋል። ተሳፋሪው ተቆጥቶ ይወርዳል። ከኋላ ያሉት መኪናዎች ጡሩምባ ይነፋሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተመልሶ ይነሣል።

ሾፌሩ ወደ ጋራዥ ሄደ።

«ምን ሆነ ጋሼ?» አለ መካኒኩ።

«ሲሞቅ ይጠፋል፤ ልጄ።»

«ሲጠፋ እንዴት ነው? ባንዴ ነው ወይስ እያንገጫገጨ?»

«እኔ ምን አውቄ! ጠፋ፤ በቃ።»

«ቤንዚን ነበረው?»

«ነበረው መሰለኝ።»

«የሙቀቱ መርፌስ የት ላይ ነበር?»

«እሱን ማን አይቶት!»

እንግዲህ መካኒኩ ምን ያድርግ? መኪናው ጋራዥ ሲደርስ ደህና ሆኖ ይሠራል። ሕመሙን አያሳይም። ስለዚህ መካኒኩ ገመተ። «ቦቢናው ይሆናል» ብሎ አዲስ ቦቢና አስገዛ። መኪናው በማግሥቱ ጠፋ። «እንግዲያውስ ካርቡራተሩ ነው» ብሎ ካርቡራተሩን ፈትቶ አጠበ። መኪናው አሁንም ጠፋ። የሾፌሩ ገቢ በዕቃ መግዣና በእጅ ዋጋ አለቀ። ለቤት አስቤዛ የሚሆን ገንዘብ ታጣ።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ሾፌሩ በሽታውን ሊደብቅ አልፈለገም። ነገር ግን አላስተዋለውም። ያስተዋለውንም አልጻፈውም።

2. ሞተር ምን ይፈልጋል?

የቤንዚን ሞተር ለመሥራት ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ ቤንዚን፤ ሁለተኛ አየር፤ ሦስተኛ በትክክለኛው ጊዜ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ። ከሦስቱ አንዱ ከቀረ ሞተሩ ይጠፋል። መጠናቸው ከተዛባም ይጠፋል።

ታዲያ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚሠራው ሞተር ሲሞቅ ለምን ይጠፋል? ሙቀት ነገሮችን ይለውጣል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ቤንዚን ሲሞቅ ወደ ተን ይለወጣል። በአሮጌ ቦቢና ውስጥ ያለው ሽቦ ሲሞቅ መልካም መሥራቱን ሊያቆም ይችላል።

3. ሲጠፋ መጀመሪያ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ሰው ይዳን። መኪናውን ወደ መንገዱ ዳር አውጡ። የእጅ ፍሬን ሳቡ። ቁልቁለት ላይ ከሆነ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። አንዳንድ መኪና ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑ ይከብዳል። በዚህ ጊዜ ሳትደናገጡ ፍሬኑን በኃይል ርገጡ።

ሲጋራ አታጭሱ፤ ክብሪት አትጫሩ። የቤንዚን ተን በዐይን አይታይም፤ እሳት ግን ይስባል።

የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ አትክፈቱ። የፈላ ውሃ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቁ።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ቁልፉን ከፍታችሁ አትተዉ። ቁልፉ ክፍት ሆኖ ሞተሩ ካልዞረ ኤሌክትሪኩ በቦቢናው ውስጥ ሳይቋረጥ ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ደህናው ቦቢና እንኳ ግሎ ይበላሻል።

4. አጠፋፉ ምን ይላል?

ሞተር ሲጠፋ ይናገራል። አነጋገሩን እንወቅ።

መብራት እንደሚጠፋ ባንዴ ድርግም ካለ፣ መጀመሪያ የኤሌክትሪኩን ነገር ጠርጥሩ።

እያንገጫገጨ፣ እየደከመ፣ ጥቂት በጥቂት ከጠፋ፣ መጀመሪያ የቤንዚኑን ነገር ጠርጥሩ።

ሲሄድ ደህና ሆኖ ሲቆም ብቻ፣ ማለት እግራችሁን ከቤንዚን መስጫው ላይ ስታነሡ ከጠፋ፣ ሚኒሞውን ጠርጥሩ።

የሙቀቱ መርፌ ቀዩን መሥመር ከነካ ደግሞ ችግሩ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ነው።

ይህ ጥርጣሬ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ፍርድ የሚሰጠው ከተፈተነ በኋላ ነው። ሳይፈተን ዕቃ አይገዛም።

5. ኤሌክትሪኩን መፈተን

ፈተናው የሚደረገው ሞተሩ ጠፍቶ ገና ትኩስ ሳለ ነው። ከበረደ በኋላ ቢፈተን ደህና መስሎ ያታልላል።

አንድ መለዋወጫ ካንዴላ ያዙ። ከካንዴላዎቹ የአንዱን ገመድ ነቅላችሁ በመለዋወጫው ካንዴላ ላይ ሰኩ። የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክታችሁ አስቀምጡ። ቤንዚን የፈሰሰበት ወይም ካርቡራተሩ አጠገብ አይሁን። በእጃችሁም አትያዙት። የዚያ ገመድ ኃይል ከ10,000 ቮልት ሊበልጥ ይችላል። ከዚያ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር፤ እናንተ ተመልከቱ።

ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ጠ-ጠ-ጠ እያለ ከታየ ኤሌክትሪኩ አለ። ቤንዚኑን ወደ መመርመር እለፉ። ብልጭታ ከሌለ፣ ወይም ደካማና ቀላ ያለ ከሆነ፣ ሕመሙ በኤሌክትሪኩ በኩል ነው። ቦቢናው፣ ኮንደንሰሩ፣ ፑንቲናው ወይም የላላ ገመድ ይሆናል። ኮንደንሰር ትንሽ ዕቃ ነው፤ ዋጋውም ከቦቢና ያነሰ ነው። ስለዚህ ገመዶቹን አጥብቁ፤ ፑንቲናውን እዩ፤ ከዚያ ደህና መሆኑ የታወቀ ኮንደንሰር፣ ቀጥሎም ቦቢና ተውሳችሁ ሞክሩ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ አትለውጡ። ባንድ ጊዜ ከለወጣችሁ የትኛው እንደታመመ አታውቁም። በላዳ የፑንቲና ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ያህል ነው። ይህን ቁጥር በደብተራችሁ ጻፉት።

6. ቤንዚኑን መፈተን

የቤንዚኑ ፓምፕ የታሰረው በሞተሩ ጎን ነው። ሞተሩ ሲግል ፓምፑም ይግላል። ያን ጊዜ ቤንዚኑ በፓምፑና በቱቦው ውስጥ ወደ ተን ይለወጣል። ፓምፕ ፈሳሽ ይስባል እንጂ ተን በደንብ አይስብም። ስለዚህ ካርቡራተሩ ይደርቃል።

ይህ ችግር በደጋ አገር ይብሳል። ለምን ቢባል፣ ከፍ ባለ ቦታ ፈሳሽ ቶሎ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በባሕር ዳርቻ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። በአዲስ አበባ ግን በድስት ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ቤንዚንም እንዲሁ ነው። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሽቅብ የሚወጣ አሮጌ መኪና በቆላው ሙቀትም በአቀበቱም ይፈተናል።

ፈተናው ቀላል ነው። ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ በፓምፑና በቱቦው ላይ አድርጉ። ውሃው የካንዴላ ገመዶችን አይንካ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ሞተሩ ከተነሣ ጠላታችሁ ተን ነው። በፓምፑና በሞተሩ መካከል ሙቀት የሚከለክለው ወፍራም ማስገቢያ በቦታው መኖሩን አረጋግጡ። የቤንዚኑ ቱቦ ከሚግል ብረት ጋር እንዳይነካካ አድርጉ። ፓምፑ ያረጀ ከሆነ ይታደስ።

ፊልትሮውንም እዩ። ከጋኑ ሥር ያለው ቆሻሻ ፊልትሮውን ሲዘጋው ቤንዚን ያንሳል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ችግሩ የቤንዚን መብዛት ነው። ጥቁር ጭስ ካለ፣ የቤንዚን ሽታ ከበዛ፣ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ከሆነ፣ ሞተሩ ታንቋል ማለት ነው። ጠዋት የሳባችሁት ቾክ፣ ማለት የአየር መዝጊያው፣ ሙሉ በሙሉ መመለሱን እዩ። እንዲህ የታነቀውን ሞተር ለማስነሣት የቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ቀስ ብላችሁ ረግጣችሁ ያዙ፤ ከዚያ ሞተሪኖውን አዙሩ። እየደጋገማችሁ አትርገጡ፤ ስትደጋግሙ ቤንዚን ትጨምራላችሁ።

7. ሲቆም ብቻ ከጠፋ

ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ሦስት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው የሚኒሞ ቀዳዳ በጣም ጠባብ ናት። ጥቂት ቆሻሻ ይዘጋታል። ትጠረግ፤ ግን በሽቦ አትቧጠጥ።

ሁለተኛ፣ ከካርቡራተሩ ሥር አየር እንዳይገባ አዳምጡ። «ስስስ» የሚል ድምፅ ካለ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል ወይም ዳዶዎቹ ላልተዋል። ዳዶዎቹን ስታጠብቁ ሞተሩ ይብረድ፤ በልክም ይሁን። ከልክ በላይ ከጠበቁ የካርቡራተሩ መቀመጫ ይጣመማል።

ሦስተኛ፣ የቫልቮላው ክፍተት ነው። ቫልቮላ ሲሞቅ ይረዝማል። ክፍተቱ ከጠበበ ሲሞቅ በደንብ አይዘጋም፤ የሞተሩም ጉልበት ያፈስሳል። በላዳ ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.15 ሚሊሜትር ነው። ይህን የሚሠራው መካኒክ ነው። እናንተ ግን ቁጥሩን አንብባችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

8. ሙቀቱ ከበዛ

መርፌው ቀዩን ከነካ ወዲያው ቁሙ። ሞተሩ ሲበርድ ውሃው መጉደሉን፣ የፓምፑና የማራገቢያው ቀበቶ መላላቱን፣ የራዲያተሩ ፊት በአቧራና በሣር መዘጋቱን እዩ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍሱ። ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል።

9. ደብተሩ ያሳየው ነገር

አሁን ወደ ሾፌራችን እንመለስ። ይህ ሾፌር ማንበብና መጻፍ የተማረው በቅርቡ ነው፤ ልክ እንደ እናንተ። አንድ ቀን መካኒኩ እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ዕቃ አንግዛ። ደብተር ይግዙ። መኪናው ሲጠፋ ያዩትን ይጻፉልኝ።»

ሾፌሩ እየተንገዳገደ ጻፈ። ፊደሉ ትልልቅ ነበረ። የጻፈውም ይህ ነው፦

ሰኞ። ጠዋት 3 ሰዓት። ቤንዚን ሙሉ። የሙቀት መርፌ መካከል ላይ። ከተነሣሁ በ25 ደቂቃ እያንገጫገጨ ጠፋ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ተነሣ።

ማክሰኞ። ከቀኑ 8 ሰዓት። ቤንዚን ግማሽ። መርፌ መካከል ላይ። በ50 ደቂቃ እያንገጫገጨ ጠፋ።

ረቡዕ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል። ዝናብ። ቤንዚን ሙሉ። መርፌ ከመካከል በታች። በ25 ደቂቃ ጠፋ።

ሐሙስ። ከቀኑ 7 ሰዓት። ኃይለኛ ፀሐይ። ወደ እንጦጦ አቀበት ወጣሁ። ቤንዚን ሩብ። መርፌ ከመካከል በላይ። አልጠፋም።

እስቲ እዚህ ላይ ቆማችሁ አራቱን ቀኖች እንደገና አንብቡ። ምን አያችሁ?

መካኒኩ ሁለት ጊዜ አነበበና ሳቀ። «ጋሼ፣ ይህ መኪና ሲሞቅ አይደለም የሚጠፋው!» አለ።

እውነቱን ነው። ሐሙስ ሞተሩ ከሁሉም ቀን ይልቅ ሞቆ ነበር፤ አልጠፋም። ረቡዕ በዝናብ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር፤ ጠፋ። የሚጠፋው ቤንዚኑ ሲሞላ ቶሎ፣ ሲጎድል ዘግይቶ ነው። ሾፌሩ ግን ሁልጊዜ ከተነዳ በኋላ ስለሚጠፋ «ሲሞቅ ነው» ብሎ ነበር። መካኒኩም ይህን ቃል ሰምቶ ተሳሳተ።

ምክንያቱ ምን ነበር? ከቤንዚኑ ጋን ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። አየር የሚገባበት ቀጭን ቱቦ አለ። በዚህ መኪና ላይ ያ ቱቦ በደረቀ ጭቃ ተደፍኗል። አየር ካልገባ በጋኑ ውስጥ ያለው አየር እየሳሳ ይሄዳል፤ ቤንዚኑንም ወደ ኋላ ይይዘዋል። በመጨረሻ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። ጋኑ ሙሉ ሲሆን በውስጡ ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይሳሳል። መኪናው ሩብ ሰዓት ሲቆም በስንጥቅ በኩል ጥቂት አየር ይገባና እንደገና ይነሣል። ሰውም «በረደና ተነሣ» ይላል።

መካኒኩ እንዲህ አለ፦ «ነገ ሲጠፋ ሌላ ነገር አይንኩ። የቤንዚኑን ክዳን ብቻ ይክፈቱ።»

በማግሥቱ መኪናው ጠፋ። ሾፌሩ ወርዶ ክዳኑን ከፈተ። ጋኑ «ፉስስስ» ብሎ አየር ሳበ። ክዳኑን ዘግቶ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩም ጥቂት ዞሮ ተነሣ። ሩብ ሰዓት አልጠበቀም። ቱቦው ተጠረገ። ለመጥረግ ዕቃ አልተገዛም። አስቀድሞ የተገዛው ቦቢና ግን ገንዘቡን አልመለሰም።

10. መደምደሚያ

ውድ አንባቢዎች፣ የእናንተ መኪና ሕመም ሌላ ሊሆን ይችላል። ቦቢና ሊሆን ይችላል፤ ተንም ሊሆን ይችላል። መንገዱ ግን አንድ ነው። አስተውሉ፤ ጻፉ፤ አንድ በአንድ ፈትኑ፤ ዕቃ የምትገዙት ከሁሉ በኋላ ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ሾፌሩ በቃሉ «ሲሞቅ ይጠፋል» አለ፤ ቃሉም ራሱን አሳሳተው። አራት መሥመር በጻፈ ጊዜ ግን እውነቱ ታየ። ይህ ለመኪና ብቻ አይደለም። ልጃችሁ ሲያተኩሰው ሰዓቱን ጽፋችሁ ለሐኪም አሳዩ። ላማችሁ ወተት ስትቀንስ ቀኑን ጻፉ። የተማራችሁት ፊደል በየዕለቱ ይሥራላችሁ።

የማንበብ ልምምድ

ሀ) የቤንዚን ሞተር ለመሥራት የሚፈልጋቸው ሦስት ነገሮች ምንድን ናቸው?
ለ) ሞተሩ ባንዴ ድርግም ብሎ ከጠፋ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ምንድን ነው?
ሐ) የራዲያተር ክዳን በትኩሱ የማይከፈተው ለምንድን ነው?
መ) ሾፌሩ ከጻፋቸው አራት ቀኖች፣ ሙቀት ምክንያት አለመሆኑን ያሳየው የትኛው ቀን ነው?
ሠ) በቤታችሁ ወይም በሥራችሁ የሚደጋገም አንድ ችግር ምረጡ። አራት ቀን አስተውላችሁ፣ በየቀኑ አንድ አንድ መሥመር ጻፉ።